ከመለማመጃው ቀጥሎ የሚመጣው አውሮፕላን
በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴሎችን ለሚሠሩና ለሚያበርሩ ተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



ይህን መድረክ ለሰጠኝ የትምህርት ክፍል ምስጋናዬ የላቀ ነው። የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ በፈገግታ «ዘንድሮ ስለ መጫወቻ ልትነግረን ነው?» ብሎኛል። አልተቀየምሁትም። ከብዙ ዓመታት በፊት ለትምህርት በአሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ሳለሁ የመጀመሪያውን ሞዴል አውሮፕላን በካርቶኑ ታቅፌ ቤት ስገባ፣ የባለቤቴ አክስት «እሰይ! ለማን ልጅ ነው የገዛኸው?» ብለውኝ ነበር። ያኔ ልጅ አልነበረንም።

ዛሬ በፊታችሁ ያቆመኝ ጉዳይ ግን ከጨዋታ ከፍ ያለ ነው። እንደምታውቁት ባለፈው የትምህርት ዓመት ተማሪዎቻችን ከፎምና ከባልሳ እንጨት በሬዲዮ የሚመራ የመለማመጃ አውሮፕላን ሠርተው፣ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ተገኝቶ፣ ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ አብርረዋል። ከቡድኑ ሁለቱ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ተማሪ፣ ማንም እጁን ሳያስገባላቸው ማስነሣትና ማሳረፍ ችለዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ወደ ቢሮዬ የመጣው አንድ ንድፍ ይዞ ነበር። ንድፉ የ«ፀሐይ» ነው።

ለእንግዶቻችን «ፀሐይ» ማን እንደ ሆነች በአጭሩ ላስታውስ። በ1935 እ.ኤ.አ. ሉድቪግ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እዚሁ አዲስ አበባ የሠራት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች አነስተኛ አውሮፕላን ናት። በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ፣ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ለረጅም ጊዜ ኖራ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ አገሯ ተመልሳለች። ተማሪዎቻችን «ሁለተኛው ሥራችን የፀሐይ ሞዴል ይሁን፤ በምረቃው ሰሞን በሚደረገው ዐውደ ርእይም በወላጆቻችን ፊት እናብርራት» አሉ። «መምህር፣ የቀረን የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው» አለችኝ ንድፉን የዘረጋችው ተማሪ።

አልፈረምሁም። ለእምቢታዬ ያኔ የሰጠሁት የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ እነሱንም እኔንም አላጠገበም። የዛሬው ንግግር የዚያ መልስ ሙሉ ቃል ነው።

በመጀመሪያ መለማመጃው ራሱ ምን እንደሚያደርግልን እንመርምር። የመለማመጃ አውሮፕላን ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ ነው። ክንፎቹ ከመሐል ወደ ጫፎቻቸው በመጠኑ ሽቅብ ያቀናሉ፤ ይህን አሠራር ዳይሄድራል እንለዋለን። አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወደዚያው ጎን መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ዝቅ ያለው ክንፍ አየሩን ከሌላኛው በበለጠ ማዕዘን ስለሚገናኘው የበለጠ የማንሣት ኃይል ያገኛል፤ ስለዚህ አብራሪው ዘንጎቹን ቢለቃቸው እንኳ አውሮፕላኑ በራሱ ይቃናል። የክንፉ የታችኛው ገጽ ለጥ ያለ፣ የላይኛው ጎበጥ ያለ ነው። ይህ ቅርጽ በዝግታ ለመብረር ይመቻል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ማንም ሳያዘው ሽቅብ ይወጣል፤ ለጀማሪ ከፍታ ማለት ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ ማለት ነውና ይህም ይረዳዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ቸርነት ነው። ችግሩ ያለው መለማመጃው ስሕተታችንን ይቅር የሚለው ሳይነግረን በመሆኑ ነው። ተማሪው ወደ ቀኝ አብዝቶ ቢያዘነብል አውሮፕላኑ ያቃናዋል፤ ተማሪው ግን «እኔ አቃናሁት» ብሎ በአእምሮው ይመዘግባል። በመታጠፊያ ላይ ፍጥነት ቢያንሰው አውሮፕላኑ አፍንጫውን በቀስታ ደፍቶ ፍጥነቱን ይመልሳል፤ ተማሪው ግን መታጠፍን የተማረ ይመስለዋል። ሠላሳ ጊዜ በሰላም ያሳረፈ ሰው ከሠላሳው ስንቱን እሱ እንዳሳረፈ፣ ስንቱን ደግሞ ዳይሄድራሉ እንዳሳረፈለት ለይቶ ማወቅ አይችልም። በለማዳ በቅሎ ብቻ የሄደ ሰው ፈረስ መጋለብ የሚያውቅ ይመስለዋል።

ስለዚህ ሁለተኛውን አውሮፕላን ስንመርጥ ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ከደበቀብኝ ስሕተት የትኛውን ያሳየኛል? ሲያሳየኝስ ምን ያስከፍለኛል?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ላይ የአንድ የሞዴል አብራሪዎች ክበብ አባል ነበርሁ። አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። የሚያስተምሩት ሁለት መቆጣጠሪያዎችን አገናኝተው ሲሆን፣ በእጃቸው ያለችውን ቁልፍ ተጭነው እስከ ያዙ ድረስ አውሮፕላኑ የተማሪው ነው፤ ቁልፏን ሲለቁ አውሮፕላኑን ይረከባሉ። መጀመሪያ ላይ በአንድ በረራ አምስት ስድስት ጊዜ ይለቁ ነበር። በበጋው መጨረሻ መልቀቁን ተዉ፤ ቀጥሎም ሁለተኛው መቆጣጠሪያ ከቤታቸው መምጣቱ ቀረ። ብቻዬን አበርር ጀመር።

በዚያው ሰሞን የፒ-51 ሙስታንግ ሞዴል በአንድ ሱቅ መስኮት አየሁ። ሙስታንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የገነነ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ቃሉ የዱር ፈረስ ማለት ነው። እኔ ግን ያኔ ስለ ስሙ አላሰብሁም። ያየሁት የብር ቀለሙንና የአካሉን ውበት ነው። ለአስተማሪዬ ስነግራቸው «ይኼ አራተኛህ ይሁን» አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቅ እንደምረታ ስለማውቅ ይመስለኛል። ሄጄ ገዛሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት በረራዎች ደኅና ነበሩ፤ ሰዎችም መጥተው እጄን ጨበጡኝ። በሦስተኛው፣ ለማሳረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ ስዞር፣ አውሮፕላኑ ከማረፊያው መስመር አልፎ እኛ ወደ ቆምንበት ወገን ሲመጣ አየሁ። በመለማመጃው ላይ እንደ ለመድሁት ስሮትሉን ቀነስሁ፤ ዘንጉንም ወደ ራሴ ስቤ መታጠፉን ላጠበው ሞከርሁ። የውስጠኛው ክንፍ ጫፍ በድንገት አየሩን ለቀቀ። አውሮፕላኑ አንዳች ምልክት ሳይሰጥ ተገልብጦ ሰው ወደሚቀመጥበት ስፍራ ወደቀ። አባቱን ተከትሎ የመጣ፣ ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሞተሩና ባትሪው ከወንበሩ ሦስት እርምጃ ርቀው መሬት ውስጥ ተቀብረው ተገኙ።

ልጁ አልተነካም። አባትየው አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ወንበሩን አጥፈው፣ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር መቆጣጠሪያ አልነካሁም።

ይህ የምህንድስና ፋኩልቲ ነውና በዚያ መታጠፊያ ላይ የሆነውን በቁጥር እንየው። አንድ ክንፍ አውሮፕላኑን ቀጥ ባለ በረራ ሊሸከም የሚችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት አለ። ከዚያ በታች ለመሸከም ሲገደድ ከአየሩ ጋር ያለው ማዕዘን ከልክ ያልፋል፤ አየሩ ከላይኛው ገጽ ይላቀቃል፤ የማንሣት ኃይሉም ይከዳል። ይህን ስቶል እንለዋለን። ዝቅተኛውን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ክብደት ለክንፍ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ሞዴል አብራሪዎች በግራም በስኩዌር ዴሲሜትር ይለኩታል። 1.3 ኪሎግራም የሚመዝንና 35 ስኩዌር ዴሲሜትር ክንፍ ያለው መለማመጃ 37 ግራም ያህል ይመጣል። የእኔ ሙስታንግ 2.7 ኪሎግራም ነበር፤ ክንፉም 30 ስኩዌር ዴሲሜትር። ይህ 90 ግራም ነው። የክንፎቹን ቅርጽ ልዩነት ለጊዜው ትተን ከፍተኛውን የማንሣት ኮፊሸንት ለሁለቱም 1.2 ብንወስድ፣ በባሕር ወለል ላይ መለማመጃው በሰዓት 25 ኪሎሜትር ገደማ፣ ሙስታንጉ 40 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ስቶል ያደርጋሉ።

ይህ ቀጥ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን 60 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ከፍታውን ሳይለቅ ሲዞር ክንፉ የክብደቱን ሁለት እጥፍ እንዲሸከም ይጠየቃል፤ የስቶል ፍጥነቱም በ41 በመቶ ያድጋል። የሙስታንጉ 40 ኪሎሜትር ወደ 56 ከፍ ይላል ማለት ነው። እኔ በዚያች ቅጽበት ያደረግሁት ሁለት ነገር ነው፤ ፍጥነቱን ቀነስሁ፣ ዘንጉን በመሳብም ክንፉን ብዙ እንዲሸከም ጠየቅሁ። መለማመጃው ይህን ስሕተት ሠላሳ ጊዜ ይቅር ብሎኛል። በሠላሳ አንደኛው ጊዜ ይቅር የሚል አውሮፕላን በእጄ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። የሙስታንግ ክንፍ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። በትንሽ ሞዴል ላይ ጠባብ ጫፍ ከክንፉ ሥር ቀድሞ ስቶል የማድረግ ጠባይ አለው። አንዱ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ሲከዳ አውሮፕላኑ ወደዚያው ይገለበጣል። አብራሪው የወደቀውን ክንፍ በኤሌሮን ሊያነሣ ሲሞክር ደግሞ፣ ዝቅ የሚለው ኤሌሮን ቀድሞውንም የተጨናነቀውን ጫፍ ማዕዘን ያበዛበታል፤ ነገሩን ያብሰዋል። እጄ ያንንም አድርጓል፤ ያስተማረው ሳይኖር፣ በደመ ነፍስ። ወርዱ ከሥር እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ክንፍ ግን መክዳት የሚጀምረው ከሥሩ ነው፤ ጫፎቹና ኤሌሮኖቹ ለጥቂት ጊዜ ይታዘዛሉ፤ አውሮፕላኑም ቀድሞ በመንቀጥቀጥ ምልክት ይሰጣል።

በስምንተኛው ወር አስተማሪዬ ስልክ ደውለው ወደ ጋራዣቸው ጠሩኝ። ስለ አደጋው አላነሡም። ከግድግዳ ላይ አንድ አውሮፕላን አወረዱ፤ እውነቱን ለመናገር መልከ ጥፉ ነገር ነበር። አካሉ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን፣ ክንፉ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ። ዝርያው «አግሊ ስቲክ» ይባላል፤ «አስቀያሚው ዱላ» እንደ ማለት ነው። ንድፉን በ1960ዎቹ ያወጣው አሜሪካዊው ፊል ክራፍት ሲሆን፣ እሱም የሬዲዮ መቆጣጠሪያ አምራችና በ1967 እ.ኤ.አ. በሞዴል አክሮባት በረራ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ለምን ይነድፋል ብዬ መገረሜን አስታውሳለሁ።

ወደ ሜዳው ወጣን፤ አነሣሁት። ወደ ቀኝ አዘነበልሁትና እንደ ልማዴ ዘንጉን ለቀቅሁ። እንደ አዘነበለ ቀረ። እጄ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ነገር አልመጣም። እንደገና በግራ ሞከርሁ፤ በግራም እንደ አዘነበለ ቀረ። ዳይሄድራል የለውም ማለት ይቻላል፤ የክንፉም የላይና የታች ገጽ ተመሳሳይ ጉብጠት ስላለው ፍጥነት ሲጨምር በራሱ ሽቅብ አይወጣም። ያዘዝሁትን ብቻ ያደርጋል፤ ያላዘዝሁትን አያደርግም። በዚያ የመጀመሪያ በረራ አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ በአንድ በጋ ሙሉ አውሮፕላን ያቃና ከነበረው ማን እንደ ሆነ ተረዳሁ። አስተማሪዬ ከጎኔ ቆመው «አሁን ተገናኛችሁ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ልብ በሉ፤ ያ አስቀያሚ አውሮፕላን ከመለማመጃው የተለየው በመረጋጋቱ ብቻ ነው። ክብደቱ 1.4 ኪሎግራም፣ ክንፉ 33 ስኩዌር ዴሲሜትር ነበር፤ 42 ግራም ማለት ነው። ከመለማመጃው 37 እምብዛም አይርቅም፤ ስለዚህ በዝግታ ያርፋል፤ ስሕተት ስሠራ ለማረም ጊዜ አለኝ፤ ቢወድቅም ቀስ ብሎ ይወድቃል። በቤተ ሙከራ ሁልጊዜ የምንላችሁ ይህንኑ ነው፤ በአንድ ሙከራ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ቀይሩ፤ ሌላው ባለበት ይቆይ። እኔ በሙስታንጉ መረጋጋትን፣ ፍጥነትን፣ ክብደትን፣ የክንፍ ቅርጽን በአንድ ቀን ለወጥሁ። ከየትኛው ምን ልማር ኖሯል?

ሁለተኛው አውሮፕላን የግድ ክንፉ ከታች የሆነ መሆን አለበት የሚል ልማድ በአብራሪዎች ዘንድ አለ። እኔ በዚህ ብዙም አልስማማም። የክንፉ ቦታ ከላይም ከታችም ቢሆን፣ በክብደቱና በክንፉ ስፋት መካከል ያለው ቁጥር ዝቅ ያለና ክንፉ ወደ ጫፉ ያልጠበበ ከሆነ ጥሩ አስተማሪ ይሆናል። በታችኛው ክንፍ የምናገኘው ጥቅም መንኰራኩሮቹን ክንፉ ላይ አራርቀን መትከል መቻላችን ነው፤ ሲነሣና ሲያርፍ በመሬት ላይ አይወላገድም። የሚታጠፉ መንኰራኩሮች ግን ለሁለተኛ አውሮፕላን አይሁኑ፤ ክብደትና ብልሽት ያመጣሉ፣ የሚያስተምሩት ነገርም የለም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ለየትኛውም አገር ይሠራል። አሁን ግን ተማሪዎቻችን ወደሚያበርሩበት ወደዚህ ምድር እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ግን በዚህ ከፍታ ሙቀቱን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ አድርጎ ያስባል። እኛ ከሰዓት በኋላ በ25 ዲግሪ ስናበርር እፍጋቱ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል። የስቶል ፍጥነት ከእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒ ስለሚሄድ፣ በ79 በመቶው ማንኛውም አውሮፕላን ከባሕር ወለል ይልቅ በ12 በመቶ ፈጥኖ ማረፍ አለበት፤ በሞቃቱ ከሰዓት ደግሞ በ17 በመቶ። በነገራችን ላይ ዴንቨር በ30 ዲግሪ የበጋ ቀን አየሯ 78 በመቶ ገደማ ነው። እኔ ሙስታንጉን የጣልሁት የአዲስ አበባን አየር በሚመስል አየር ውስጥ ነበር፤ የሞዴሉ መመሪያ ደብተር ግን ይህን ነገር አያነሣም።

በእኛ ሜዳ፣ በ79 በመቶው ስናሰላ መለማመጃው 28፣ ስቲኩ 30፣ ሙስታንጉ 44 ኪሎሜትር በሰዓት ላይ ስቶል ያደርጋሉ። ከፍጥነቱ ይልቅ ጉልበቱን ተመልከቱ። ጉልበት ከክብደቱና ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ሙስታንጉ በዚያ ፍጥነት የሚሸከመው ጉልበት የመለማመጃውን አምስት እጥፍ ያህል ነው። ሞዴል አውሮፕላን ማለት በፊቱ ፕሮፔለር የሚሽከረከርበት ነገር መሆኑን አትርሱ። በታጣፊ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ልጅ ይህ ቁጥር ትርጉም አለው።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልናገርም። በቀጭን አየር ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስለሚያንሰው የሚስበው ኃይልም ያንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር በዚህ ጊዜ የሚወስደው ኤሌክትሪክም ስለሚቀንስ ለባሕር ወለል ከተመከረው በመጠኑ የሚበልጥ ፕሮፔለር መግጠም ይቻላል። በአምፔር መለኪያ ሳትፈትሹ ግን አታድርጉት። ለሁለተኛው አውሮፕላን የመለማመጃውን ባትሪ፣ ሪሲቨርና ሰርቮዎች መጠቀም ከቻላችሁ ተጠቀሙ። ወጪው ይቀንሳል፤ የመሣሪያውንም ጠባይ ታውቁታላችሁ። ከውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ወር እንደሚያስጠብቅ ለእናንተ አልነግራችሁም። ስለዚህ የሁለተኛው አውሮፕላን ሌላው መመዘኛ፣ ቢሰበር በአንድ ሌሊት፣ በከተማችን በሚገኝ ማጣበቂያና ፎም መጠገን መቻሉ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእናንተ አንዱ «መምህር፣ ሪሲቨሩ ውስጥ ጋይሮ አለ፤ አውሮፕላኑን እሱ ያረጋጋዋል፤ ታዲያ ከባዱን ብናበርር ምን አለ?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ብልህ ነው። ጋይሮ ነፋስ ሲመታ ክንፉን ይይዛል፤ አንዳንዱም አብራሪው ሲለቅ ያቃናል። ያ ማለት ግን ዳይሄድራሉን ከክንፉ አውጥተን በኤሌክትሮኒክስ መልሰን አስገባነው ማለት ነው። ስሕተታችሁን እንደገና ይደብቅላችኋል። ደግሞም ጋይሮ ኤሌሮን ያዝዛል እንጂ አየር አይፈጥርም፤ ስቶል ያደረገን ክንፍ በኤሌሮን ሊያቃና ሲሞክር የእኔው እጅ የሠራውን ስሕተት ከእኔ ፈጥኖ ይሠራዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው አውሮፕላን ላይ ግጠሙት፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። በሁለተኛው ላይ ይጥፋ።

ታዲያ ከመለማመጃው ለመውጣት መቼ ዝግጁ ነን? እኔ የማምነው በበረራ ብዛት አይደለም። ተማሪው ከሜዳው በላይ አራት ማዕዘን መንገድ፣ በቀኝም በግራም ዞሮ፣ ከፍታውን ሳይቀይር ይብረር። አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ሲመጣ፣ ማለትም ቀኝና ግራ ሲገላበጥበት፣ ሳያመነታ ይቆጣጠር። ከፍ ብሎ ስሮትሉን ቀንሶ ሆን ብሎ ስቶል ያድርግ፤ ሲከዳ ምን እንደሚመስል ዐይኑ ይልመድ፤ ዘንጉን ለቆ ፍጥነት ይመልስ። ሞተሩን አጥፍቶ በሸርተቴ ብቻ ሜዳው ውስጥ ያሳርፍ። ከሁሉ በላይ፣ ማረፊያው ሲበላሽበት መታጠፉን ከማጥበብ ይልቅ ስሮትሉን ከፍቶ፣ ክንፉን አቅንቶ፣ እንደገና ዞሮ ለመምጣት የማያፍር ይሁን። እኔ ያን ቀን ያጣሁት ይህችን ነው። ሰዎች እጄን ከጨበጡ በኋላ ሳላሳርፍ ማለፍ አሳፈረኝ።

አሁን ወደ «ፀሐይ» ልመለስ፤ ንድፏ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ንድፉ ጥሩ ነው፤ ይህን በሁላችሁ ፊት እመሰክራለሁ። ስሌቱን አብረን ስንሠራ ግን በተመረጠው መጠን፣ ከነመዋቅሯና ከነቀለሟ፣ 75 ግራም በስኩዌር ዴሲሜትር ልትደርስ ነው። ይህ ለሙስታንጉ እንጂ ለመለማመጃው አይቀርብም። እውነተኛ አውሮፕላንን አሳንሶ የሚሠራ ሁሉ ይህ ችግር ይገጥመዋል፤ ውበቱን የሚሰጡት ዝርዝሮች ሁሉ ክብደት አላቸው፤ ክንፉ ግን ከንድፉ ውጭ እንዲሰፋ አንፈቅድለትም።

ስለዚህ ለቡድኑ ያቀረብሁት ይህ ነው። በዚህ ሴሚስተር ቀጥ ያለ ክንፍ ያለው፣ ከ45 ግራም የማይበልጥ አንድ ቀላል አውሮፕላን ይሠራል፤ ንድፉን እናንተ አውጡ፤ ቢያስቀይምም ግድ የለም። የ«ፀሐይ» ሥራም ጎን ለጎን ይቀጥል፤ የክንፏን የውስጥ አጥንቶች በሌዘር ለመቁረጥ ወርክሾፑ ተፈቅዷል። በዐውደ ርእዩ ቀን «ፀሐይ» በጠረጴዛ ላይ ትቆማለች፤ የሚበርረው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያ በረራዋም ሕዝብ በሌለበት፣ በማለዳ፣ አየሩ ቀዝቃዛና የተሻለ እፍጋት ባለው ሰዓት ይሆናል።

ይህን ስነግራቸው፣ ንድፉን የዘረጋችው ተማሪ ጥቂት ዝም ብላ «መምህር፣ አባቴ ከደብረ ታቦር የሚመጡት አንድ ጊዜ ነው። የእኛ የሆነችውን አውሮፕላን ስትበርር ቢያዩልኝ ብዬ ነበር» አለችኝ። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ስለዚያ ልጅና ስለ ወንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኋት ያን ዕለት ነው። ታሪኩን ስጨርስ ንድፉን ጠቅልላ ሄደች። በሳምንቱ ሌላ ወረቀት ይዛ ተመለሰች፦ አካሉ ሣጥን፣ ክንፉ ጣውላ፣ 43 ግራም። በጅራቱ ላይ በእርሳስ ትንሽ ፀሐይ ሥላበታለች።

እሱን ፈርሜያለሁ። አባቷ የሚቀመጡበት ወንበር ከማረፊያው መስመር ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት ገና አልተስማማንም፤ እሷ ሠላሳ ትላለች፣ እኔ ሃምሳ እላለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።